ካል ሳሂብ

በጦር ሰፈሩ ውስጥ ሻለቃ ሄርበርት ፓስኮን በስሙ የሚጠሩት ደመወዝ ከፋዩና ቄሱ ብቻ ነበሩ። ለወታደሩም፣ ለልብስ አጣቢውም፣ በገበያው በር ላይ ተቀምጦ ጣፋጭ ለሚሸጠው ሰውዬም እሱ «ካል ሳሂብ» ነበር። ስሙ የወጣለት ገና ጢሙ በቅጡ ሳይበቅል ነው። ያኔ ቀልድ ነበር። እያደር ቀልዱ ረገፈና ስሙ ብቻውን ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳሂብ ማለት ጌታ ማለት ነው፤ በሕንድ አገር፣ በሂንዱስታኒ ቋንቋ ደግሞ ትናንትም «ካል» ነው፣ ነገም «ካል» ነው። የአገሩ ሰው በዚህ ተቸግሮ አያውቅም፤ የትኛው እንደሆነ ግሱ ይነግረዋል። ካል መጣ ካሉ ትናንት፣ ካል ይመጣል ካሉ ነገ። የሚቸገረው በመርከብ የመጣው እንግሊዝ ነው። እንግሊዝ ደግሞ ቋንቋውን ተፈትኖ ካላለፈ እድገት አያገኝም፤ ስለዚህ ወጣቱ መኮንን ሁሉ በከሰዓት ሙቀት በረንዳ ላይ ተቀምጦ እያላበው ሰዋስው ይቆጥራል።

ፓስኮ ከኮርንዎል የመጣ የድሃ ቄስ ልጅ ነው። በአገሩ ክፍለ ጦር መኮንን ሆኖ ለመኖር የአባት ሀብት ያስፈልጋል፤ በሕንድ ክፍለ ጦር ግን ደመወዙ ያኖራል። ስለዚህ ወደ ሕንድ መጣ። እንግሊዞች በዚያ አገር ምን ይሠሩ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። እነሱ ራሳቸው አይጠይቁም ነበር። ፓስኮም አልጠየቀም፤ ከካንግራ ተራሮች በተመለመሉ የዶግራ ወታደሮች ፊት አቁመውት «እዘዛቸው» አሉት፣ አዘዘ።

የመጀመሪያው ትእዛዙ ይኸው ነበር፦ «ነገ ሰልፍ ነበር!»

ወታደሮቹ ዓይናቸውን አላነቃነቁም። የጢማቸው ጫፍ ግን ተንቀጠቀጠ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጀይሲ ሲንግ የተባለ ወጣት የዶግራ መኮንን ወደ በረንዳው መጣና ሰላምታ ሰጥቶ ቆመ።

«ሳሂብ፣ ጠዋት ወታደሩን ምን እንዳሉት ያውቃሉ?»

«ነገ ሰልፍ አለ ነዋ ያልኩት።»

«‹ነገ ሰልፍ ነበር› ነው ያሉት። ታዲያ ወታደሩ ‹ካለፈማ ተገላገልን› ብሎ ሊተኛ ነው።»

ፓስኮ ጆሮው ድረስ ቀላ። «አንተ፣ እንዴት ትናንትና ነገ በአንድ ቃል ይጠራል? ሰው አይሳሳትም?»

«ለድሃ ሰው ትናንትም ነገም ያው ነው፣ ሳሂብ። የሚለየው ዛሬ ነው፤ ዛሬ ይርበዋል።» ከዚያ ጀይሲ ሲንግ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደግሞ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ይህ መጽሐፍዎ ሰውን ሁሉ አንተ ይላል። በቅሎ ነጂውን አንተ ቢሉት ግድ የለም። ነገ መንደሬ መጥተው አባቴን አንተ ያሉት እንደሆነ ግን የማፍረው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፓስኮ ጀይሲ ሲንግን «እርስዎ» አለው። ከሌሎቹ መኮንኖች የሚለየውም ይኸው ነበር፤ አክብሮ መናገር ያውቅ ነበር። በሁለተኛ ዓመቱ ፈተናውን በክብር አለፈ። ምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገጥሞ ከአልጋው በላይ ሰቀለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ፓስኮ ሞኝ አልነበረም፣ ግን ወረቀቱ በየሰፈሩ ተከትሎት ዞረ። ወታደሮቹም «ካል ሳሂብ» ማለታቸውን አልተዉም። እሱም ሲሰማ ፈገግ ይል ነበር።

ዓመታት ሄዱ። ፓስኮ ሻምበል ሆነ፣ ጀይሲ ሲንግ ደግሞ ሱበዳር። ሱበዳር ማለት ሕንድ የሆነ ሰው ከሚደርስበት ጣሪያ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ማዕረግ ነው፤ ከላዩ ሱበዳር ሜጀር ብቻ አለ። ሁለቱንም ግን ትናንት ከመርከብ የወረደ ልጅ እግር እንግሊዝ ያዛቸዋል። ጀይሲ ሲንግ በዚህ ሲያማርር አልተሰማም። ምኞቱ አንድ ነበር፤ ሱበዳር ሜጀር ሆኖ መንደሩ መግባት። አባቱ በሱበዳርነት ቀርቶ ነበርና እሱ አንድ እርከን ሊያልፈው ፈለገ።

ፓስኮ በመካከሉ ሚስት አገባ። ሚልድሬድ ትባላለች፤ ፈገግታዋ የሚያምር፣ ሙቀት የማትችል ሴት ነበረች። ልጅ ወለዱ። ልጅቱ ገና መሮጥ እንደጀመረች በዝናቡ ወራት ንዳድ ያዛትና በሁለት ቀን ሞተች። ሲቀብሯት ጀይሲ ሲንግ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ዝናብ እየመታው ቆሞ ነበር። ሚልድሬድ እህል አልቀምስም ስላለች ጓደኞቿ ወደ ቤታቸው ይዘዋት ሄዱ፤ ፓስኮ ብቻውን ወደ ቤቱ ሲመለስ ሱበዳሩ ከኋላው ተከተለው።

«ምግብ ያቅርቡልዎ፣ ሳሂብ።»

«አልችልም።»

«ይችላሉ። ልጅ የቀበረ ሰው ብቻውን አይበላም።»

ጀይሲ ሲንግ ራጅፑት የሚባል የሂንዱ ጨዋ ዘር ነውና ከእንግሊዝ ማዕድ አይቀርብም፤ ሃይማኖቱ አይፈቅድለትም። ስለዚህ በረንዳው ጫፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ፓስኮ በልቶ እስኪጨርስ ድረስ ሳይዞር፣ ሳይናገር፣ ዝናቡን እያየ ቆየ። ፓስኮ ያንን ጀርባ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም። ሚልድሬድ ለዕረፍት ብላ በዚያው በጋ ወደ እንግሊዝ ሄደች፣ አልተመለሰችም።

ከዚህ በኋላ በፓስኮ ሕይወት ውስጥ የቀረው እድገቱ ብቻ ነው። ሰው የሚይዘው ሲያጣ የያዘውን አጥብቆ ይይዛል። ሻለቃ ለመሆን አንድ ሰው ቀድሞት ነበር፤ ያም ሰው ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። የቀረው አንድ ጄኔራል መጥቶ አይቶ «ይገባዋል» እንዲል ነበር።

ያኔ ፓስኮ የሚያዘው ጦር በሰሜን ምዕራብ ድንበር፣ ዛርካይ በምትባል የድንጋይ ምሽግ ነበር። ዙሪያው ራቁቱን የቆመ ተራራ ነው። ውሃ የሚቀዳው ከታች፣ ከሸለቆው ነው። በየጠዋቱ ጥቂት ወታደሮች በቅሎዎቹን ይዘው ይወርዳሉ፣ አቁማዳውን ሞልተው ይመለሳሉ። ከወታደሮቹ አንዱ ኬሳር ሲንግ ነበር፤ አሥር አለቃ ነው፣ የሱበዳሩ አንድያ ልጅ። በዚያው ዓመት ለፈቃድ ወደ ካንግራ ሄዶ ራትኒ የምትባል ልጅ አግብቶ ተመልሷል። ወታደሮቹ በሙሽርነቱ ያሾፉበት ነበር፤ «አሥር አለቃ፣ ሌት ስታንኮራፋ ስም ትጠራለህ» ይሉታል። አባቱ ሲሰማ ያልሰማ መስሎ ያልፋል።

ፓስኮ ሸለቆው ጸጥ ያለ ነው ብሎ በላከው መልእክት መሠረት ጄኔራሉ ሊጎበኝ ቀኑን ቆረጠ። ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ለምሽጉ እንጨት የሚሸጥ ዛሪን የተባለ የአገሩ ሽማግሌ እንደ ልማዱ ሸክሙን ይዞ መጣ። የዛሪን ቋንቋ ፓሽቶ ነው፤ ሂንዱስታኒ የሚያውቀው ለገበያ ያህል ነበር። በሩ ላይ ፓስኮና ጀይሲ ሲንግ ቆመዋል፤ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የማይታወቁ ጎረምሶች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ሽማግሌው ገመዱን ለመፍታት ጎንበስ አለና ከጥርሱ መካከል ሦስት ቃል ተነፈሰ።

«ካል። ሸለቆው። ጠመንጃ።»

ቀና ብሎ አላያቸውም። እንጨቱን አራግፎ፣ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። ሰው ልከው ቢያፈላልጉት ወደ መንደሩ አልገባም ተባለ።

«ነገ ነው፣ ሳሂብ» አለ ጀይሲ ሲንግ። «ነገ ውሃ አንውረድ።»

«ትናንት ነው ያለው።»

«ትናንት ከሆነ ለምን ይነግረናል? ካለፈ ዝናብ ማን ይጠለላል?»

«ወሬ ነዋ። ትናንት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች በሸለቆው አልፈዋል፣ አይቷቸዋል፣ ነገረን። እዚህ አገር ጠመንጃ ያልያዘ ማን አለ?»

«ወሬ የሚያወራ ሰው ዓይን ዓይን ያያል። ይኼ ሰውዬ መሬት ነው ያየው።»

«ሱበዳር ሳሂብ፣ ቋንቋውን እኮ እኔም አውቀዋለሁ።»

«እርስዎማ ያውቁታል። የማያውቀው እሱ ነው። ቢያውቅ ኖሮ ግሱን ይጨምርልን ነበር።»

ፓስኮ ሊስቅ ቃጣውና ተወው። ሱበዳሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «በጋኑ ውስጥ ለአንድ ቀን የሚሆን ውሃ አለ። ነገን እንለፈው። ካልሆነም ቀድመን ኮረብታው ላይ ጠባቂ እናውጣ።»

ነገሩ ቀላል ነበር። ግን የጄኔራሉ አጃቢዎችና ፈረሶቻቸው ነገ ማምሻውን ይገባሉ፤ ውሃ ያስፈልጋቸዋል። ጠባቂ ቢያወጣ የላከውን መልእክት ማስተካከል አለበት፤ ሸለቆው ጸጥ ያለ አይደለም ማለት አለበት። ጄኔራሉም ጉብኝቱን ይተወዋል። ፓስኮ ይህን ሁሉ በልቡ አሰበና፣ ካሰበ በኋላ የሽማግሌው ቃል ጆሮው ውስጥ ይበልጥ ትናንት ትናንት አለው። ሐሰተኛ አልነበረም። የሚፈልገውን ሰማ እንጂ ያልሰማውን ሰማሁ አላለም። አብዛኛው ሰው የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

«ትናንት ነው። ነገ እንደ ወትሮው ይወርዳሉ።»

«እንዳዘዙ፣ ሳሂብ።»

ነገ ውሃ የመውረዱ ተራ የኬሳር ነበር። ሁለቱም ያውቁ ነበር። ሱበዳሩ ልጄን ቀይሩልኝ አላለም፤ እንዲህ ቢል በወታደሩ ፊት ቆሞ መሄድ አይችልም። ፓስኮም ይቀየር አላለም፤ እንዲህ ቢል ነገ መሆኑን አምኗል ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከሸለቆው የተኩስ ድምፅ መጣ። ብዙም አልቆየም። ጥቂት ቆይቶ በቅሎዎቹ ነጂ የሌላቸው ሆነው፣ አቁማዳው ውሃ እንደሞላ፣ የለመዱትን መንገድ ይዘው በበሩ ገቡ። ጀይሲ ሲንግ ወታደሮቹን ይዞ ወረደ። የልጁን ሬሳ ማንም እንዲነካው አልፈቀደም፤ በትከሻው ተሸክሞት ወጣ። ዶግራ ሟቹን ያቃጥላል። በምሽጉ ውስጥ የነበረው እንጨት ዛሪን ያመጣው ብቻ ስለሆነ ኬሳርንና ጓደኞቹን በዚያው እንጨት አቃጠሏቸው። አባትየው እሳቱን ለኮሰና እስኪከስም ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ፓስኮ አጠገቡ ቆመ።

ጄኔራሉ ማግስቱን መጣና በድንኳን ውስጥ ምርመራ አደረገ።

«የእንጨት ሻጩን ቃል ማን ነው የተረጎመው?» ብሎ ጠየቀ።

ፓስኮ ቀጥ ብሎ ቆሞ መለሰ። «ሱበዳሩ አጠገቤ ነበር፣ ጌታዬ። አብረን ነው የሰማነው።»

ቃሉ ሁሉ እውነት ነው። ከውስጡ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጄኔራሉ ራሱን ነቀነቀ። «ገባኝ። እነዚህ ሰዎች የገዛ ቋንቋቸውን እንኳ አይለዩትም።»

ያኔ ድንኳኑ ጸጥ አለ። ፓስኮ የመናገሪያው ጊዜ ያ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ አፉንም ከፈት አድርጎ ነበር። ጄኔራሉ ግን ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ፣ ፓስኮም አፉን ገጠመ። ጀይሲ ሲንግ በድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ ነበር። እንግሊዝኛ አያውቅም ይባል ነበር፤ ማዕረጉ ሲነሳና ከዚያ በኋላ ማንም ሳይናገር ሲቀር ግን ሰማ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል የእኛ ሰው። ፓስኮ የተናገረውን ያዳነው በሌላ ሰው ልጅ ነበር።

ሻለቃነቱ ዝናቡ ሳይገባ መጣለት። ሱበዳር ሜጀርነቱ ሲመጣ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ጀይሲ ሲንግ የዛርካይን ነገር አሳስቷል ተባለ። ሱበዳሩ አንድ ዓመት ጠበቀ። ከዚያ ጡረታ ጠየቀ።

በዚያ ጦር ውስጥ አንድ ልማድ አለ። በትልቅ ጉባኤ ላይ ሕንዱ መኮንን ወደ እንግሊዙ አለቃ ሲቀርብ የሰይፉን እጀታ ወደ ፊት ይዘረጋል። አለቃው በጣቱ ጫፍ ይነካዋል። ይኸው ነው። «ሰይፌ የእርስዎ ነው»፤ «ተቀብያለሁ፣ መልሰህ ታጠቅ» ማለት ነው። ሁሉም ያደርገዋል፣ ከብዛቱ የተነሳ ማንም ልብ አይለውም።

የጀይሲ ሲንግ መሸኛ ዕለት መኮንኖቹ በተርታ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ የክብር አበባ በአንገቱ ተጠለቀለት። ለኮሎኔሉ እጀታውን ዘረጋ፣ ኮሎኔሉ ነካ። ለምክትሉ ዘረጋ፣ ነካ። ሦስተኛው ፓስኮ ነው። ፓስኮ ገና ሱበዳሩ ሳይደርስበት እጁን ዘርግቶ ነበር። ጀይሲ ሲንግ ፊቱ ቆመ፣ በቀኝ እጁ ደንበኛ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠው። ሰይፉን ግን ወደ ጎኑ መለሰው። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ወንበር አለፈና ባለፈው ወር ለመጣ አንድ ልጅ እግር መቶ አለቃ እጀታውን ዘረጋ። ልጁ ግራ ገብቶት ነካው።

የፓስኮ እጅ በአየር ላይ ቀርቶ ነበር። ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። እንግሊዞቹ ያላዩ መስለው አበባውን አደነቁ፤ ከኋላ የተሰለፈው ወታደር ግን አይቷል። ያን ዕለት ማታውን ታሪኩ በየወጥ ቤቱ ደረሰ፣ በሳምንቱ በካንግራ ተሰማ። «ካል ሳሂብ» የሚለው ስም ከዚያ ቀን በኋላ ማንንም አላሳቀም።

ፓስኮ ሌላ እድገት አላገኘም። ክፍለ ጦሩን ሊመራ ሲደርስ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይገኛል። ምክንያቱን ማንም አይነግረውም፣ እሱም አይጠይቅም። የበቅሎ ጭነት ኃላፊ አደረጉት፣ ከዚያ የምልምል ማሠልጠኛ ሰጡት። ታላቁ ጦርነት ሲመጣ ዕድሜው አልፏል ብለው እዚያው ተዉት። ከተራራው የሚመጡ ልጆችን ሰልፍ አስተማረና ወደ ፈረንሣይና ወደ ባስራ ላካቸው። ባቡር ጣቢያ ሲሸኛቸው እናቶች መጥተው «ሳሂብ፣ መቼ ይመለሳሉ?» ይሉታል። «ካል» ብሎ የሚመልስላቸው ሌላ ሰው ነበር፤ እሱ ያንን ቃል አይጠራም። ነገ ለማለት «ሲነጋ»፣ ትናንት ለማለት «ያለፈው ቀን» ይል ነበር፤ ወታደሩም ልብ ብሎታል።

መጠጥ ጀመረ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ አንድ ምሽት በመኮንኖች ክበብ ውስጥ ብርጭቆውን አስቀምጦ «ሱበዳሩ እኮ ነገ ነው ብሎኝ ነበር» አለ። ከዚያ አንዱ ስለ ፈረስ እሽቅድምድም አነሳ፣ ሌላው ተቀበለው፣ ወሬው ቀጠለ። ከእውነቱ ይልቅ የእራቱ ሰዓት መበላሸት ያሳዝናቸው ነበር። ፓስኮ የመናገሪያውን ቦታ መሳቱን ያኔ ገባው።

ጡረታ ወጣ። መርከቡ ሊነሳ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሻንጣውን ወደ ቦምቤ ላከና እሱ በተቃራኒው ወደ ሰሜን ተሳፈረ። ከባቡሩ ወርዶ ጋሪ ያዘ፣ ጋሪው የማይወጣውን በእግሩ ወጣ። የጀይሲ ሲንግ ቤት ካንግራን ካፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ እንደገና የተሠራ፣ ጣሪያው በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ ነበር። ከበስተኋላው በረዶ የለበሰው ተራራ ቆሟል። በግቢው አንዲት ነጠላዋ ነጭ የሆነች፣ ፀጉሯ ሽበት የጣለባት ሴት ጎሽ ታልባለች። ባል የሞተባት የዚያ አገር ሴት ነጭ ትለብሳለች፤ ፓስኮ ራትኒ መሆኗን አወቀ።

ሽማግሌው በገመድ አልጋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከራሱ በላይ በግድግዳው ሚስማር ላይ ሰይፉ ተሰቅሏል።

«ማን ነው?» አለ፤ ዓይኑ ደክሟል።

«ፓስኮ ነኝ፣ ሱበዳር ሳሂብ።»

«ቆመው አይቅሩ፣ ይቀመጡ። አርጅተዋል፣ ድምፅዎ ነገረኝ።»

«እርስዎም አርጅተዋል።»

«እኔማ ከዛርካይ ጀምሮ ነው ያረጀሁት።»

ፓስኮ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያዘ። መንገዱን ሁሉ ያጠናው ንግግር ነበር፤ ሁሉም ጠፋበት። «ነገ ነው ብለውኝ ነበር። ልክ ነበሩ። ለጄኔራሉ አልነገርኩም።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረዎ?»

«ደጁ ላይ ቆሜ ነበር እኮ። እንግሊዝኛ ባላውቅ ዝምታ አላውቅም?»

ፓስኮ አለቀሰ። በዚያ አገር በኖረበት ዘመን ሰው ፊት ያለቀሰው ያኔ ብቻ ነው፤ የልጁ መቃብር ላይ እንኳ አላለቀሰም ነበር። ሽማግሌው እስኪጨርስ ጠበቀው።

«ወደ አገሬ መግባቴ ነው» አለ ፓስኮ። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ሰይፉን። እጀታውን ብነካው… ይፈቅዱልኛል?»

ጀይሲ ሲንግ ፊቱን ወደ በረዶው ተራራ አዞረ። ራትኒ ማለቧን አቆመች። ሽማግሌው አንድ ቃል ተናገረ።

«ካል።»

ፓስኮ የሽማግሌውን እግር ሊነካ ምንም አልቀረውም። አመስግኖ ወጣ። ከመንደሩ በታች ባለው የመንግሥት ማረፊያ አደረ፤ ማለዳ ተነሥቶ ተላጨ፣ ይዞት የመጣውን የማዕረግ ልብስ ለበሰ፣ ሜዳዮቹን አንድ በአንድ ወለወለ። ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁርሱን ጠግቦ በላ። ዳገቱን ሲወጣ ትንፋሽ አጠረው እንጂ ልቡ ቀሎት ነበር።

ግቢው ባዶ ነው። የገመድ አልጋው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ሰይፉ ግን በሚስማሩ ላይ እንዳለ ነው። ራትኒ ምስር ትለቅማለች።

«አባባ የሉም» አለች ቀና ሳትል። «ማሳ ወርደዋል። እስኪመሽ አይመለሱም።»

«ዛሬ እንድመጣ ነግረውኝ ነበር።»

«ይምጡ አላሉም። ጎሿን እያለብኩ እሰማ ነበር። ‹ካል› ነው ያሉት።»

«እኮ፣ ነገ ማለታቸው ነው…»

ያኔ ራትኒ ቀና ብላ አየችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣው ካለቀ ዓመታት አልፎታል። «ያኔ አባባ ‹ነገ ነው› ቢሉዎ፣ እርስዎ ‹የለም፣ ትናንት ነው› አሉ። ትናንት ደግሞ ‹አለፈ፣ አበቃ› ቢሉዎ ‹ነገ ነው› ብለው መጡ። ሳሂብ፣ ይህችን ቃል ሁልጊዜ እንደፈለጉ ነው የሚሰሟት።»

ፓስኮ ሰይፉን አየ። በሁለት እርምጃ ይደርስበታል፤ ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን ያልተዘረጋ እጀታ ቢነኩት ብረት መንካት ነው። እጁን ከኋላው አጣመረ።

ራትኒ ተነሥታ ገባችና በሸክላ ኩባያ አጓት ይዛ ወጣች። እንግዳ ደጅ ደርሶ ሳይቀምስ አይመለስም። እጁን እንዳትነካ ኩባያውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችለትና ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ፓስኮ የሚያውቀው አቀማመጥ ነበር። ጥቂት በጥቂት እየተጎነጨ እስኪጨርስ ድረስ ሳትዞር ጠበቀችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ። አልመለሰችለትም። ኩባያውን ከነበረበት መልሶ አስቀምጦ ቁልቁለቱን ጀመረ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ከኋላው ሸክላ በድንጋይ ላይ ሲሰበር ሰማ። የባዕድ አፍ የነካው ሸክላ ይሰበራል፤ የአገሩ ሥርዓት ነው። ፓስኮ ይህንን ሥርዓት በክብር ካለፈበት ፈተና ጀምሮ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ዞር ብሎ አላየም።